መሐንዲስና ትዳር፤ የጋብቻና የቤተሰብ ሕክምና ሙያ አመጣጥ

ትዳር ሲናወጥ ሦስተኛ ሰው መሐል መግባቱ ለየትኛውም ኅብረተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የነፍስ አባት ይጠራል፤ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። በሌላውም ዓለም ቄሱ፣ የቤተሰቡ ሐኪም ወይም የመንደሩ ታላቅ ሰው ይህንኑ ተግባር ሲፈጽም ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህን ሥራ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር ሠልጥኖ፣ ፈተና አልፎና የሙያ ፈቃድ አውጥቶ የዕለት እንጀራው ያደረገ ሰው የተገኘው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ሙያው «የጋብቻና የቤተሰብ ሕክምና» ይባላል። ሕክምና ይባል እንጂ መድኃኒት አይታዘዝበትም፤ መሣሪያው ጥያቄ፣ ማዳመጥና ንግግር ነው።

ይህ ሙያ በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ተወልዶ አድጓል። ታሪኩ ለመሐንዲሶች የሚነገርበት በቂ ምክንያት አለው፤ ይኸውም የሙያው ዋነኛ ሐሳብ የተቀዳው ከሐኪም ቤት ይልቅ ከመሐንዲስ ጠረጴዛ በመሆኑ ነው። አንድ መሣሪያ አልሠራ ሲል፣ እያንዳንዱ ክፍል ደኅና ሆኖ ሳለ ብልሽቱ በክፍሎቹ ትስስር ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ማንኛውም መሐንዲስ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ወደ ሰው ቤት ሲገባ አዲስ ሙያ አቆመ። ወሰኑ ተዘንግቶ በተሠራበት ጊዜ ደግሞ በደል የሌለባቸውን ሰዎች ጎዳ። የጋብቻና የቤተሰብ ሕክምና ተማሪ ዛሬ የሚሠለጥንበት መንገድ የተቀረጸው በዚህ ትርፍና በዚህ ጉዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቴምር እርሻ እስከ ምክር ቢሮ

የጋብቻ ምክር እንደ ሥራ መስክ መታየት የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕዝብ ከገጠር ወደ ከተማ ይፈልስ ነበር። ወጣት ባልና ሚስት ከወላጅና ከዘመድ ርቀው በኪራይ ቤት ትዳር ይመሠርቱ ጀመር፤ ፍቺም እየበዛ ሄደ። ቀድሞ መካሪ የነበሩት አክስትና አጎት በአጠገብ ስላልነበሩ ቦታቸውን የሚተካ ሰው አስፈለገ። በ1929 ሐኪሞቹ አብርሃምና ሐና ስቶን በኒው ዮርክ የጋብቻ ምክር መስጫ ከፈቱ። በ1930 ፖል ፖፔኖ በሎስ አንጀለስ የአሜሪካ የቤተሰብ ግንኙነት ተቋምን መሠረተ። በ1932 ደግሞ በፊላዴልፊያ የጋብቻ ምክር ማእከል ተቋቋመ፤ ይህንንም ማእከል ለረጅም ዘመን የመራችው ኤሚሊ መድ ናት።

ከእነዚህ ውስጥ በሕዝብ ዘንድ በይበልጥ የታወቀው ፖፔኖ ነበር። ከ1953 ጀምሮ በአንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ «ይህ ትዳር ሊድን ይችላልን?» በሚል ርእስ የወጣው ዓምድ ከተቋሙ የምክር መዝገብ የተቀዱ ታሪኮችን ያቀርብ ስለነበር ስሙ በየቤቱ ገባ። ነገር ግን ፖፔኖ ሐኪምም የሥነ ልቡና ምሁርም አልነበረም። በወጣትነቱ ጋዜጠኛና የቴምር ተክል አርቢ ነበር፤ በ1913 ያሳተመው መጽሐፍም ስለ ቴምር እርሻ የሚናገር ነው። ከዚያ በኋላ «መልካሙን የሰው ዘር መርጦ ማብዛት ይገባል» በሚለው የዩጀኒክስ እምነት ተማርኮ፣ በካሊፎርኒያ «ብቁ አይደሉም» የተባሉ ሰዎች በሕግ አስገዳጅነት እንዲመክኑ ከደገፉት ዋና ሰዎች አንዱ ሆነ። ስለ ትዳር መጽናት የተጨነቀውም በከፊል «ብቁ» ያላቸው ሰዎች ተጋብተው ብዙ ልጅ እንዲወልዱ በመሻት ነበር። ተክልን በማዳቀል የሚሠራ ሐሳብ ሳይመረመር ወደ ሰው ሲዛወር ምን እንደሚያስከትል የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው።

በ1942 የአሜሪካ የጋብቻ አማካሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ ሐኪሞች፣ ቀሳውስት፣ መምህራንና የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ምክርን ከዋና ሥራቸው ጎን ለጎን የሚያከናውኑት ነበር። ራሱን የቻለ ትምህርት ገና አልነበረውም፤ ሕግም አልተበጀለትም። በሩ ላይ «የጋብቻ አማካሪ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ የፈለገ ሁሉ ያለ ከልካይ ይለጥፍ ነበር። ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የሙያ ፈቃድ ሕግ ያወጣችው በ1963 የካሊፎርኒያ ግዛት ናት።

ከሁሉም በላይ ግን ሙያው የራሱ የሆነ ጽንሰ ሐሳብ አልነበረውም። የዘመኑ የአእምሮ ሕክምና የሚመራው በሲግመንድ ፍሮይድ ትምህርት ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት ችግሩ በአንዱ ሕመምተኛ ውስጥ ያለ ስለሆነ ሐኪሙ የሚያነጋግረው ሕመምተኛውን ብቻ ነው፤ ዘመዶቹን አብሮ ማነጋገር ሕክምናን እንደማበላሸት ይቆጠር ነበር። ባልና ሚስትን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማነጋገር ተገቢ የሆነበትን ምክንያት ለማስረዳት ሌላ አስተሳሰብ ያስፈልግ ነበር። ይህም አስተሳሰብ ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ መጣ።

ከእንፋሎት ሞተር እስከ እልፍኝ

መሐንዲሶች በግብረ መልስ ሐሳብ ሲሠሩ ኖረዋል። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ የገጠመው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ነበሩት። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ከፍ ይላሉ፤ ከፍ ሲሉም የእንፋሎቱን ቫልቭ ያጠቡታል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሞተሩ ሲዘገይ ደግሞ ኳሶቹ ይወርዳሉ፤ ቫልቩም ይሰፋል። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 የዚህን ዓይነት መቆጣጠሪያ በሒሳብ ተነተነው። ሃሮልድ ብላክ የተባለው መሐንዲስ በ1927 ከአምፕሊፋየር የሚወጣውን ኀይል በከፊል ገልብጦ ወደ መግቢያው በመመለስ የስልክ ድምፅ መዛባትን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር ከመሐንዲሱ ጁሊያን ቢግሎ ጋር የፀረ አይሮፕላን መድፍ ዒላማውን ተከታትሎ የሚመታበትን ስልት ሲያጠና፣ ይኸው የግብረ መልስ ሕግ በእንስሳትና በሰው አካልም ውስጥ እንደሚሠራ አስተዋለ። በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አዲስ ጥናት ሳይበርኔቲክስ ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው መርከብ ነጂ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ከ1946 እስከ 1953 ባሉት ዓመታት መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ሊቃውንት፣ ሐኪሞችና የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ስለዚሁ ጉዳይ የተወያዩባቸው 10 ጉባኤዎች ተካሄዱ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ግሪጎሪ ቤትሰን ነበር። ቤትሰን በኒው ጊኒ ደሴት ባደረገው የ1930ዎቹ ጥናት፣ አንዱ ወገን ሲፎክር ሌላውም አብልጦ እየፎከረ፣ ወይም አንዱ ሲገዛ ሌላው ይበልጥ እየተገዛ፣ ግንኙነት ደረጃ በደረጃ ወደ መፍረስ እንደሚያመራ ጽፎ ነበር። በጉባኤዎቹ ላይ መሐንዲሶቹ ስለ ግብረ መልስ ሲናገሩ ሲሰማ፣ እርሱ በመንደር ያየውን ነገር የሚገልጽበት ቋንቋ እንዳገኘ ተረዳ።

በ1952 ቤትሰን በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ አካባቢ፣ ስለ ሰዎች የሐሳብ ልውውጥ የሚያጠና አነስተኛ ቡድን አቋቋመ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ጆን ዊክላንድ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ትምህርቱ የኬሚካል መሐንዲስ ነበር። ጄይ ሄሊና የአእምሮ ሐኪሙ ዶን ጃክሰንም ከቡድኑ ጋር ሠሩ። ጃክሰን በሕክምና ሥራው ደጋግሞ ያየው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ሕመምተኛው ሲሻለው ከቤተሰቡ ሌላው ሰው መታመሙ ነው። በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቤተሰብ እንደ ቴርሞስታት የለመደውን ሚዛን ለመጠበቅ እንደሚጥር፣ ሚዛኑም ራሱ የሕመሙ ተሸካሚ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ቀላል ነው። ባል አምሽቶ ይገባል፤ ሚስት ታኮርፋለች። ባል የቤቱ ኩርፊያ ስለሚከብደው በማግሥቱ ይበልጥ ያመሻል፤ ሚስትም ይበልጥ ታኮርፋለች። ባልን የጠየቀ ሰው «የማመሸው ስለምታኮርፍ ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሚስትን የጠየቀም «የማኮርፈው ስለሚያመሽ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። ሁለቱም ያዩትን በእውነት ይናገራሉ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ክብ የሆነውን ነገር ከመሐል ቆርጠው ቀጥ ባለ መስመር ያነብቡታል። ባለሙያው «ማን ጀመረው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዑደቱ በምን እንደሚዞርና የትኛው ነጥብ ቢነካ እንደሚቆም ይመረምራል። ባልና ሚስትን በአንድነት የማነጋገሩ ምክንያት በዚህ መንገድ ተገኘ፤ ብልሽቱ በግንኙነቱ ላይ ከሆነ ግንኙነቱ መታየት የሚችለው ሁለቱም ባሉበት ነውና።

ከመስታወቱ በስተጀርባ

ይህ አስተሳሰብ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በልዩ ልዩ ከተሞች ሥር ሰደደ። መሪ ቦወን የተባለው የአእምሮ ሐኪም ከ1954 እስከ 1959 በዋሺንግተን አጠገብ በምትገኘው በቤተዝዳ፣ በመንግሥት የአእምሮ ጤና ምርምር ተቋም ውስጥ፣ ሕመምተኞችን ከነቤተሰባቸው በሆስፒታል አስቀምጦ አጠና። ከዚያም ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ትምህርቱን አስፋፋ። ከቦወን ሐሳቦች የታወቀው ስለ ሦስት ማእዘን የተናገረው ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፤ ብዙውን ጊዜም ይህ ሦስተኛ ሰው ልጅ ነው። ውጥረቱ ለጊዜው ይረግባል፤ ልጁ ግን ጭነቱን ይሸከማል።

ሳልቫዶር ሚኑቺን ደግሞ በአርጀንቲና ተወልዶ በሕክምና የተመረቀ ሰው ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በነበረው በዊልትዊክ ትምህርት ቤት ከድሃ ሠፈሮች የመጡ ልጆችን ሲያክም፣ ልጁ በትምህርት ቤቱ ተሻሽሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቀድሞው ጠባይ እንደሚያገረሽበት አየ። ስለዚህ ልጁን ትቶ ቤቱን፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ ማን ያዝዛል፣ ማን ከማን ጋር ይወግናል፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ወሰን ምን ያህል ነው የሚለውን ማጥናት ጀመረ። በ1965 የፊላዴልፊያ የሕፃናት ምክር ክሊኒክ ኀላፊ ሆነ። በክሊኒኩም ዲግሪ የሌላቸው የድሃ ሠፈር ነዋሪዎች የቤተሰብ ሕክምና እንዲማሩ ተደረገ፤ የሠፈሩን ቋንቋና ኑሮ የሚያውቅ ሰው ከውጭ የመጣ ባለሙያ የማያየውን ያያል ተብሎ ስለታመነ ነው።

የሥልጠናው ዘዴ አዲስ ነበር። በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳይ መስታወት ተገጠመ። ተማሪው ከቤተሰቡ ጋር ሲነጋገር መምህሩና ጓደኞቹ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆነው ይመለከቱታል፤ ሲሳሳትም መምህሩ በስልክ ይጠራዋል። ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ አውቆና ፈቅዶ ይገባል። ቀድሞ የሕክምና ተማሪ ስለ ሥራው ለመምህሩ የሚያቀርበው በቃል ብቻ ስለነበረ ስሕተቱን ራሱ ካላወቀው ማንም ሊያውቅለት አይችልም ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ሥራው እየተሠራ የሚመረመር ሆነ።

ስዕልም ወደ ሙያው ገባ። የቤተሰብን ሦስት ትውልድ በአንድ ወረቀት የሚያሳየው ዝርዝር፣ ወንድ በአራት ማእዘን፣ ሴት በክብ፣ ጋብቻና ፍቺ በመስመር የሚታይበት፣ እንደ መሐንዲስ ንድፍ ወጥ ምልክት ተበጅቶለት በ1985 በታተመ መጽሐፍ ተሰራጨ። ለጋብቻ ሲል እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ይህ አስቸጋሪ ትምህርት አይደለም። ልዩነቱ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዝምድናን ለማወቅ ሲሆን፣ ባለሙያው ግን ኩርፊያው፣ ስካሩና ስደቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደተላለፈ ለማየት የሚቆጥር መሆኑ ነው።

የብድሩ ወሰን

ከምሕንድስና የተገኘው ሐሳብ ብዙ በር የከፈተውን ያህል ሁለት ከባድ ጉዳቶች አስከትሏል።

የመጀመሪያው በእናቶች ላይ የደረሰው ነው። በ1956 የቤትሰን ቡድን «ድርብ እስራት» የተባለውን ሐሳብ አሳተመ። አባት ልጁን «የልብህን ንገረኝ» ይለዋል፤ ሲነግረው ይቆጣዋል፤ ዝም ሲል ደግሞ «ትደብቀኛለህ» ይለዋል፤ ልጁም ከቤቱ ወጥቶ መሄድ አይችልም። የቡድኑ አባላት ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዲህ ካለው እርስ በርሱ የሚጣረስ ግንኙነት ሊመነጭ ይችላል አሉ። ከእነርሱም በፊት ሕመሙን በእናት ጠባይ የሚያሳብብ አስተሳሰብ ነበረ። ውጤቱ ልጃቸው የታመመባቸው ወላጆች፣ በተለይም እናቶች፣ ሕመሙን ያመጡት እነርሱ እንደሆኑ ከባለሙያ አፍ መስማታቸው ነበር። በኋላ የተካሄዱት ጥናቶች ይህን አልደገፉትም፤ በሕመሙ መነሻ ውስጥ የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው ታውቋል። ቤተሰብ በእርግጥ የሚረዳበት መንገድ የተገኘው ወቀሳው ከቆመ በኋላ ነው። ስለ ሕመሙ ጠባይ የተማረና በቤቱ ውስጥ ነቀፌታንና ጭቅጭቅን የቀነሰ ቤተሰብ የሕመምተኛውን ማገርሸት እንደሚያሳንስ ከ1970ዎቹ ወዲህ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

ሁለተኛው ጉዳት በሚስቶች ላይ የደረሰው ነው። «ማን ጀመረው?» ብሎ አለመጠየቅ ለኩርፊያና ለማምሸት ይሠራል። ባል ሚስቱን ሲደበድብ ግን ዑደት መሳል ምን ማለት ነው? እርስዋ ተናገረች፣ እርሱ መታ፣ እርስዋ አለቀሰች፣ እርሱ ተናደደ ብሎ ክብ የሚሥል ሰው ድብደባውን ለሁለት አካፈለው ማለት ነው። በሞተር ውስጥ ኳሱና ቫልቩ እኩል ያስፈልጋሉ፤ አንዱም በሌላው ላይ በደል አይፈጽምም። በቤት ውስጥ ግን ገንዘቡ፣ ጉልበቱና ሕጉ ለሁለቱ እኩል ያልተከፋፈለበት ጊዜ ብዙ ነው። የሥነ ልቡና ምሁሯ ሬቸል ሄር መስቲን በ1978 በሙያው ዋና መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ሕክምና በወንድና በሴት መካከል ያለውን የኀይል ልዩነት ቸል ማለቱን አሳየች። በ1980ዎቹም ሌሎች ሴት ባለሙያዎች ክርክሩን ገፉበት። ድልድይ የሚጠግን መሐንዲስ አስቀድሞ መንገዱን ይዘጋል፤ እንዲሁም ባለሙያው ግንኙነቱን ለመጠገን ከመነሣቱ በፊት በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ደኅንነት ማረጋገጥ እንዳለበት ሙያው የተማረው በዚህ ክርክር ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ትምህርት ተገኘ። መሐንዲስ ከሞተሩ ውጭ ቆሞ ሞተሩን ይለካል። ቤተሰብን የሚያነጋግር ሰው ግን ገና ከበሩ ሲገባ የሚያየውን ነገር ይለውጠዋል። ሃይንዝ ፎን ፎርስተርን የመሳሰሉ የሳይበርኔቲክስ ሊቃውንት ተመልካቹ ራሱ የሥርዓቱ አካል መሆኑን ሲያስተምሩ፣ ሙያው ይህን ሐሳብ ተቀብሎ ባለሙያው የራሱን አስተዳደግ፣ የራሱን ትዳርና የራሱን አድልዎ እንዲመረምር የሥልጠናው ክፍል አደረገው።

ትምህርቱና የሥራው መስክ

የጋብቻ አማካሪዎች ማኅበር በ1970 በስሙ ላይ ቤተሰብን ጨመረ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻም «ምክር» የሚለውን ቃል በ«ሕክምና» ተካ። በ1978 የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የሙያውን የትምህርት መርሐ ግብር የሚመዝን ኮሚሽን ዕውቅና ሰጠው። በ2009 ሙያውን በሕግ ያላስተዳደረ ግዛት አልቀረም፤ 50ዎቹም ግዛቶች የፈቃድ ሕግ ነበራቸው።

ፈቃድ ለማግኘት የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዲግሪ በሥነ ልቡና መሆን ግዴታ ስላልሆነ በሌላ ትምህርት ተመርቀው በሌላ ሥራ የቆዩ ሰዎች ወደዚህ ሙያ ይገባሉ። ተማሪው የቤተሰብ ሥርዓት ጽንሰ ሐሳቦችን፣ የሰውን ዕድገት፣ የአእምሮ ሕመም ዓይነቶችን፣ የምርምር ዘዴን፣ ሕግንና የሙያ ሥነ ምግባርን ይማራል። በካሊፎርኒያ ከዲግሪው ሌላ በክትትል ሥር የተሠራ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 500ው ከባልና ሚስት፣ ከቤተሰብ ወይም ከልጆች ጋር የተሠራ መሆን አለበት። በመጨረሻ ፈተና አለ። ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በራሱ ስም ንድፍ ለመፈረም ከመብቃቱ በፊት በሌላ መሐንዲስ ሥር ዓመታት መሥራቱ የታወቀ ነው።

ፈቃድ ያገኘው ባለሙያ በክሊኒክ፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ ከሱስ መላቀቂያ ማእከልና ለወታደር ቤተሰቦች አገልግሎት በሚሰጡ ድርጅቶች ውስጥ ይሠራል፤ ብዙዎችም የግል ቢሮ ይከፍታሉ። ጥቂቶች ሦስተኛ ዲግሪ ይዘው ወደ ማስተማርና ወደ ምርምር ያመራሉ። የመንግሥት አኀዝ እንደሚያመለክተው በ2023 የሙያው መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 58,510 ዶላር ነበር፤ ይህም ከአንድ መሐንዲስ የተለመደ ክፍያ ያነሰ ነው። አረጋውያን የሚገለገሉበት ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና ዋስትና ለእነዚህ ባለሙያዎች በቀጥታ መክፈል የጀመረው በጥር 2024 ነው። ከመጀመሪያው የፈቃድ ሕግ እስከዚህ ድረስ 60 ዓመት አልፏል።

በምርምሩም በኩል የምሕንድስናና የሒሳብ ሰዎች ድርሻ አልተቋረጠም። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሌስሊ ግሪንበርግ የምሕንድስና ምሩቅ ሆኖ ሳለ ወደ ሥነ ልቡና ተሻግሮ፣ ከሱዛን ጆንሰን ጋር በ1980ዎቹ በካናዳ በስሜት ላይ ያተኮረውን የባልና ሚስት ሕክምና መሠረተ፤ ይህም ዘዴ በጥናት ከተፈተኑት የባልና ሚስት ሕክምናዎች ዋነኛው ነው። የዚህ ዘዴ ባለሙያ ከኩርፊያውና ከቁጣው ሥር ያለውን ፍርሃት፣ ማለትም «ትተወኝ ይሆን? ዋጋ አለኝ ወይ?» የሚለውን ያልተነገረ ጥያቄ፣ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩበት ይረዳል። በወጣትነቱ ሒሳብ የተማረው ጆን ጎትማን ደግሞ ባልና ሚስት ሲከራከሩ ፊታቸውን በፊልም እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውንም እየለካ አጠና፤ በ2002ም ከሒሳብ ሊቁ ከጄምስ መሪ ጋር የትዳርን ንግግር በዲፈረንስ ኢኩዌሽን የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። ኢኩዌሽኑ የየትኛውን ትዳር ዕድል አስቀድሞ ማወቅ እንደሚችል ክርክር ቢኖርበትም፣ መናናቅ ከቁጣ ይልቅ ትዳርን እንደሚጎዳ ማሳየቱ ለባለሙያዎች ጠቃሚ ሆኗል።

ሽማግሌና ባለሙያ

የዚህ ታሪክ ትርጉም ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። መሪ ቦወን ሕመምተኞችን ከነቤተሰባቸው ያጠናባት ቤተዝዳና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ የሜሪላንድ አውራጃ ውስጥ ይገኛሉ። የዋሺንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረትም ዋና ዋና የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በስደት ያለ ቤተሰብ ከባለሙያ ዘንድ ሲቀርብ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ልጁ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ልጁ የአባቱንና የእናቱን ጠብ ለእንግዳ ሰው ሲተረጉም፣ ቦወን የተናገረው ሦስት ማእዘን በዓይን ይታያል፤ ሚኑቺን የተናገረው የወላጅና የልጅ ወሰንም ይፈርሳል። አማርኛ የሚናገር ባለሙያ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ልጁን ከመሐል ያወጣዋልና።

በኢትዮጵያም ቢሆን የሕጉ አቅጣጫ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣል። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ የማየት ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ አደረገ፤ ተጋቢዎቹ በራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲታረቁ የመሞከሩን መንገድ ግን አልዘጋም። ለማሰላሰያም ከሦስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ደነገገ። በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ባልና ሚስቱን የሚያነጋግረው ሰው ምን ያውቃል የሚለውን ሕጉ ሊመልሰው አይችልም፤ የሚመልሰው ሥልጠና ነው።

ሽማግሌ ለባለሙያ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለው። ሁለቱንም ወገን ያዳምጣል፤ ንግግርን ያለዝባል፤ ዕርቁን ዘመድ እንዲጠብቀው ያደርጋል። ባለሙያው ደግሞ ለሽማግሌ የሚያካፍለው በውድ ዋጋ የተማረውን ነው። ትዳር ገበና ነው ተብሎ ሚስት «ቻይው» እየተባለች ወደ ድብደባ የምትመለስበት ዕርቅ፣ የፓሎ አልቶ ሊቃውንት ክብ ሥለው ድብደባውን ለሁለት ካካፈሉበት ስሕተት አይለይም። ዛሬ በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ባልና ሚስትን በአንድ ክፍል ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ያስገባና አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ በቤትህ ትፈራለህን? በቤትሽ ትፈሪያለሽን? መልሱ «አዎን» ከሆነ የዑደቱ ንድፍ ይቆያል፤ ደኅንነቱ ይቀድማል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ዲግሪም ፈቃድም የግድ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ሽማግሌ ነገ ከሚቀመጥበት ዕርቅ ጀምሮ ሊጠይቀው ይችላል።